ከዝክር የሚረክስ ዕረፍት

ስሬተን ገንዘብ የሌለው ሰው ቢሆን ኖሮ ሚስቱ ያጎዳ ባልናቀችው ነበር። የቸገረው ሰው ቢቆጥብ ማን ይፈርድበታል? ስሬተን ግን ፒሮት ከተማ መሀል፣ ከድልድዩ አጠገብ፣ የሴራሚክ ሱቅ ያለው ሰው ነው። የግማሹ ከተማ መታጠቢያ ቤት የተነጠፈው እሱ በሸጠው ዕቃ ነው። ሰርቢያ በሙሉ በፒሮት ሰው ቋጣሪነት ይቀልዳል። የፒሮት ሰዎችም ቀልዱን ከሌላው ቀድመው ያወሩታል፣ ይስቃሉ፣ ከዚያ ተነስተው ለእንግዳቸው ጠርሙስ ይከፍታሉ። ለስሬተን ቀልድነቱ አልገባውም። እንደ ምክር ነው የያዘው።

የቤቱ ዝክር በጥምቀት ማግስት የሚውለው መጥምቁ ዮሐንስ ነው። እስከ ባለፈው ዓመት ድረስ አባወራው አባቱ ሽማግሌው ቲሆሚር ነበሩ። ሚስታቸው ከሞቱ ወዲህ ጉልበት ከዳቸውና ሻማውንና ሥዕሉን ለልጃቸው አስረከቡ፤ ዘንድሮ የስሬተን የመጀመሪያው ነው። ለዝክር ደግሞ ሰው አይጠራም። የሚያውቅህ ሁሉ ቀኑን ያውቃል፣ በራሱ ጊዜ ይመጣል፤ የመጣውንም ሰው ለምን መጣህ የሚለው የለም። ስሬተንን እንቅልፍ የነሳው ይኸው ነበር፤ ስንት ሰው እንደሚመጣ አስቀድሞ የማይታወቅበት ግብዣ።

ገና ሊደርስ አንድ ሳምንት ሲቀረው፣ እራት ላይ፣ ስልኩን ከጨው ዕቃው ጋር አስደግፎ ጉሮሮውን ጠረገ።

«ደመርኩት» አለ።

«ምኑን?» አለች ያጎዳ።

«ዝክሩን ነዋ! ስልሳ ሰው ይመጣል። ሁለት ግልገል አሳማ፣ ወይኑ፣ አረቄው፣ ኬኩ። የአጎትሽ ልጅ ብቻውን ስንት እንደሚበላ ታውቂያለሽ? በዚሁ ገንዘብ አራታችን ባንስኮ ሄደን፣ አምስት ቀን በበረዶ ሸርተቴ ተንፈላሰን እንመለሳለን። ያውም ተርፎን!»

ሽማግሌው ማንኪያቸውን አስቀመጡ። «ዝክሩስ?»

«ዝክሩማ ቡልጋሪያም ይዘከራል አባባ። ሻማውን ይዘን እንሄዳለን። ሻማ እንደሆነ ተገዝቷል።»

«የሚመጣው ሰውስ?»

«መጥቶ በሩ ተዘግቶ ያገኘዋል። ምን እናድርግ፣ የለንም! አገር ውስጥ የሌለን ሰው ማን ይቀየማል?»

ሽማግሌው ማንኪያቸውን መልሰው አነሱ። ሻማውን ካስረከቡ በኋላ በነገሩ አፍ የላቸውም፤ ሥርዓቱ እንዲያ ነው። የዐሥራ አራት ዓመቷ የልጅ ልጃቸው ዱንያ በበረዶ ሸርተቴው ደስ ብሏት እጇን አጨበጨበች። ያጎዳ ልትናገር አፏን ስትከፍት ስሬተን ቀደማት።

«አንቺ ደግሞ» አላት፣ «አምስት ቀን ሙሉ ድስት አትነኪም። ቃሌ ነው።»

ያጎዳ አፏን መልሳ ዘጋች። ካገባች ጀምሮ ለዮሐንስ ሦስት ቀን ቆማ ትሠራለች፣ ሁለት ቀን ቆማ ታጥባለች። ሰው ጠልታ አይደለም፤ የሚደክማት እግሯ ነው። በተረፈውም ዓመት ቢሆን ከምድጃው ርቃ የዋለችባቸው ቀናት ሁለቱን ልጆቿን የወለደችባቸው ብቻ ናቸው፤ ትልቁ አሁን ወታደር ነው። አምስት ቀን ድስት ሳይነኩ መዋል! እንግዳ ፊት በር መዝጋቱ አሳፈራት፣ ዕረፍቱ ደግሞ አጓጓት። አጓጊው አሸነፈና እሺ አለች። ከዚያች ሌሊት ጀምሮ የምታስበው አንድ ነገር ሆነ፤ ሌላ ሰው የሠራውን ምግብ ተቀምጣ መብላት።

ሊሄዱ አንድ ሳምንት ሲቀራቸው ስሬተን ፍሪጁ ላይ ሰንጠረዥ ለጠፈ። ቁርስ፣ ምሳ፣ እራት፣ በየቀኑ።

«ይሄ ምንድን ነው?» አለች።

«የምግብ ዕቅዳችን። ባንስኮ አንድ ሳህን ሾርባ ስንት እንደሚያስከፍሉ ሰምተሻል? ቀማኞች ናቸው! ሳርማውን አሁን ሠርተሽ ታበርጂዋለሽ፣ ኮቶሌቱን ትጠብሺዋለሽ፣ ባቄላውን እዚሁ ትጋግሪዋለሽ። እዚያ ማሞቅ ብቻ ነው።»

«ድስት አትነኪም አላልከኝም?»

«እዚያ ነዋ ያልኩሽ! ይሄ እዚህ ነው።»

እንዲህ ነው ስሬተን። ቃሉን አያጥፍም፣ ያሳጥረዋል። ያጎዳም ሦስት ቀን ቆመች። በጎመን ቅጠል የሚጠቀለለውን ሳርማ በሁለት ትልልቅ ድስት ሠራች፣ ኮቶሌቱን ጠብሳ ከመረች፣ በጠርሙስ እየተዳጠ የሚደርቀውን የፒሮት ቋሊማ ከማድቤቱ ጣሪያ አወረደች፣ ለዝክሩም ዳቦውን ጋገረች፣ ስንዴውን ቀቅላ ፈጭታ በስኳርና በዋልነት ለወሰች። ሁሉንም ደርድራ ስትጨርስ ወንበር ስባ ተቀመጠችና አየችው። ሌላ ጊዜ ለዝክሩ ከምትሠራው በምን አነሰ? በአሳማዎቹና በሰው።

ሥጋና አይብ ይዞ ድንበር ማለፍ ክልክል ነው፤ ይሄንን ፒሮት ውስጥ የማያውቅ የለም። ስሬተን ምግቡን በትልቅ የማቀዝቀዣ ሳጥን ከተተ፣ ሳጥኑን የኋላ ወንበር ላይ አስቀመጠ፣ ብርድ ልብስ አለበሰው፣ በላዩ ላይ አባቱን አስቀመጠ። ሽማግሌው በፎጣ የተጠቀለለውን የዮሐንስ ሥዕል ጉልበታቸው ላይ ይዘዋል።

«ሥጋ፣ አይብ፣ ቋሊማ ይዛችኋል?» አለ የጉምሩኩ ሰው በመስኮት ጎንበስ ብሎ።

«ኧረ ምን በወጣን!» አለ ስሬተን ደረቱን ነፍቶ። «ዕረፍት ነው የምንሄደው። ምግብ ቤት እንበላለን!»

የጉምሩኩ ሰው ከኋላ ሽማግሌውን አየ፣ ሥዕሉን አየ፣ ባርኔጣውን ነካ አድርጎ አሳለፋቸው።

«የዮሐንስን ሥዕል ይዤ፣ ቋሊማ ላይ ተቀምጬ፣ ልጄ ሲዋሽ ሰማሁ» አሉ ቲሆሚር ትንሽ ከሄዱ በኋላ።

«አይነቃነቁ አባባ፣ ሳርማው ይፈስብናል» አለ ስሬተን።

በመጀመሪያው ቀን ተራራው ላይ ወጡ። ሽማግሌው ከታች ፀሐይ እየሞቁ ቀሩ። እኩለ ቀን ላይ፣ በገመድ ተንጠልጥሎ ተራራ የሚያወጣው ወንበር ሰውን ከሚያወርድበት ቦታ አጠገብ ካለው ምግብ ቤት፣ የጥብስ ሽታ እስከ በረዶው ድረስ ይመጣ ነበር። ሰው ጃኬቱን ከፍቶ፣ ጫማውን አላልቶ፣ ፀሐይ ላይ ተቀምጦ ይስቃል። ስሬተን ሚስቱንና ልጁን ይዞ ያቺን በር አለፈና ከኋላ በኩል፣ ባዶ የቢራ ሳጥኖች በተደረደሩበት፣ ከሽንት ቤቱ ወረፋ አጠገብ አስቀመጣቸው። ከቦርሳው ኮቶሌት የገባበት ዳቦ አወጣ። ዳቦው ቀዝቅዞ እንደ እንጨት ሆኗል።

«ዱንያ፣ ሂጂና ሙቅ ውሃ ለምኚ። የሻይ ቅጠሉ አለኝ።»

«አባዬ፣ እባክህ።»

«ምን እባክህ አለው? ውሃ ነው! ይሄ ሁሉ በረዶ ውሃ አይደል እንዴ?»

ልጅቷ ሄደች። አስተናጋጇ ውሃውን ሰጠቻት፣ የኩባያውን ግን አስከፈለቻት። ስሬተን ይህን ሲሰማ ኩባያውን ይዞ ሊከራከር ተነሳ፤ ሰው እየተንጠራራ አየው፤ ዱንያ የጃኬቷን ቆብ እስከ አፍንጫዋ ድረስ ሳበችው። ያጎዳ ዳቦውን በምራቋ እያራሰች ባሏን ከሩቅ ተመለከተችው። ለአንድ ኩባያ ሲባል በሰው መሀል ቆሞ እጁን የሚያወናጭፍ ትልቅ ሰው። ከዚህ ሰው ጋር መታየቷ አስጠላት፤ አፈረችበት ማለት ያንሰዋል።

ማታ፣ በተከራዩት ክፍል ጥግ ባለች ሁለት ዓይን ምድጃ ላይ፣ ሳርማውን ያሞቀችው እሷ ናት። ሳህኑን ያጠበችውም እሷ ናት። ለነገ ዳቦውን ሰንጥቃ ኮቶሌት የከተተችበትም እሷው። ስሬተን ጠግቦ፣ ካልሲውን ማሞቂያው ላይ ሰቅሎ፣ ስልኩን እየነካካ ይስቅ ነበር። ያላወጣውን ገንዘብ እንዳገኘው አድርጎ ነው የሚጽፈው።

«ይሄ እራት ምግብ ቤት ቢሆን ስንት ያስወጣን ነበር መሰለሽ!» አላት። «ዛሬ ብቻ ስንት አተረፍን!»

«ድስቱ ግን ተነካ» አለች ያጎዳ።

«ማሞቅ እኮ መንካት አይደለም።»

በማግስቱ ዱንያ እያነከሰች ወረደች። ከአክስቷ ልጅ የተዋሰችው የሸርተቴ ጫማ ጠቧት ጣቷን ልጦታል። መከራየት ግድ ሆነ። ስሬተን ፊቱ ጠቆረ፤ ሰንጠረዡ ላይ ጫማ የለም። የገመዱ ጣቢያ አጠገብ ያለው ማከራያ የራንጀል ነው፤ ሰርቢያ ውስጥ ኒሽ ተወልዶ ባንስኮ የከበረ፣ ሆዱ የቀደመ፣ ድምፁ የሚያስገመግም ሰው። ሱቁ ጢም ብሎ ሞልቷል፣ ከወረፋው ግማሹ የአገራቸው ሰው ነው። ከቻቻክ የመጣ ቤተሰብ አለ፣ አራት ልጆች ያሉት የክሩሼቫጽ የጥርስ ሐኪም አለ፣ አንድ የአውቶቡስ ሾፌር ከነጓደኞቹ አለ።

«ቀንስልኝ እንጂ ወንድሜ» ይላል ስሬተን።

«ቀንሻለሁ እኮ።»

«አሁንም ቀንስ። ያገር ልጅ አይደለሁም?»

«እዚህ የቆመው ሁሉ ያገር ልጅ ነው። ለሁሉም ልቀንስ?»

ሰው ሳቀ። ስሬተን ግን ሲስቁበት የሚያፍር ሰው አይደለም። ዙሪያውን አየ፣ የቀረውን ካርታ መዘዘ።

«ነገ እኮ ዝክሬ ነው!» አለ ጮክ ብሎ። «ዮሐንስ! በዝክር ዋዜማ አባወራን እንዲህ ያደርጉታል?»

ወረፋው ሁሉ ዞሮ አየው። የራንጀል ፊት በራ። «ዮሐንስ ነህ? እንዲያ በለኝ እንጂ ታዲያ!» አለና ሦስት ዩሮ ቀነሰለት። ከዚያ ጫማውን እያቀበለው ጠየቀ፤ «ሻማው የት ነው የሚበራው?»

ይህን ጥያቄ ሕፃን ልጅም ያውቀዋል። መልስ የሰጠ ሰው በሩን ከፈተ ማለት ነው፤ ከዚያ በኋላ ጥሪ የሚባል ነገር የለም። ስሬተንም ያውቀዋል። ነገር ግን ዓይኑም ልቡም ሦስቱ ዩሮ ላይ ነበር፣ አፉም ከልጅነት በለመደው ሄደ።

«ከቤተ ክርስቲያኑ ጀርባ፣ ቢጫው ቤት፣ ሦስተኛ ፎቅ!» አለ። «እንዴታ!»

ያጎዳ አሮጌውን ጫማ አቅፋ በሩ ላይ ቆማለች። አንዲት ቃል ትበቃ ነበር፤ ቀልዱን ነው ብትል፣ ነገ ጠዋት እንሄዳለን ብትል፣ ክንዱን ብትቆነጥጠው። ሽማግሌው ቲሆሚር ከሱቁ አግዳሚ ወንበር ላይ ሆነው አዩዋት። እሷም አየቻቸው። ከዚያ ፊቷን ወደ በረዶው መለሰች።

«ሦስት ዩሮ!» አላት ስሬተን ውጭ ሲወጡ።

«ጎበዝ» አለችው።

የዮሐንስ ዕለት ጠዋት ዳቦውን ቤተ ክርስቲያን ወስደው አስባረኩ። ማታ ሽማግሌው ሥዕሉን ግድግዳው ላይ ሰቀሉ፣ ስሬተን ሻማውን ለኮሰ፣ ስንዴውን ቀመሱ። ስሬተን በውስጥ ሱሪና በወፍራም ካልሲ ሆኖ ወንበሩን ወደ ማሞቂያው ሳበ። «አያችሁ?» አለ። «በጸጥታ፣ በቤተሰብ፣ ያለ ጣጣ። ዝክር ማለት ይሄ ነው።»

በሩ ተንኳኳ።

ራንጀል ነው፣ ከነሚስቱ። በአንድ እጁ ወይን፣ በሌላው የታሸገ ቡና። «እንኳን አደረሰህ አባወራ!» ብሎ አገላብጦ ሳመውና ገባ። ከኋላው የጥርስ ሐኪሙ ከነአራት ልጆቹ ደረጃውን ይወጣል። ከእሱ ኋላ የቻቻኮቹ። ከእነሱ ኋላ ስሬተን ጨርሶ የማያውቃቸው ሰዎች፤ ሾፌሩ የነገራቸው ናቸው።

«ወንድሜ፣ ትናንት እኮ… እንዲያው ለወሬ ያህል ነው ያልኩት…» አለ ስሬተን ሱሪውን እየፈለገ።

«ሻማው በርቷል» አለ ራንጀል ወደ ግድግዳው እያመለከተ። «እንግዲያው ቤት አልተሳሳትንም።»

ከዚያ ወዲያ ማን ያቆመዋል? አልጋው ላይ ተቀመጡ፣ መስኮቱ ደፍ ላይ ተቀመጡ፣ ልጆቹ ሻንጣ ላይ ተቀመጡ። ያጎዳም አንድ ወንበር አግኝታ ተቀመጠች።

«ያጎዳ!» አለ ስሬተን ጥርሱን ነክሶ በሹክሹክታ። «ተነሺ እንጂ! ሰው መጣኮ!»

«አምስት ቀን ድስት አትነኪም ብለኸኛል» አለችው፣ በሹክሹክታ ሳይሆን ሁሉም እንዲሰማ። «ቃሌ ነው ያልከው አንተ ነህ።»

ራንጀል በሳቅ ፈነዳ። «የአባወራ ቃል ከሆነማ እትዬ፣ እንዳይነሱ!»

ስሬተን ወደ አባቱ ዞረ። ሽማግሌው ሻማው ሥር ቀጥ ብለው ተቀምጠዋል፤ ሚስታቸው ከሞቱ ወዲህ እንዲህ ቀና ብለው አልታዩም። «በዝክሩ ቀን አባወራ አይቀመጥም፣ ልጄ» አሉት። «ቆሞ ያስተናግዳል። እኔ አርባ ዓመት ቆሜያለሁ። ሳርማው የት እንዳለ ታውቃለህ።»

ስሬተንም ቆመ። ሳርማውን አሞቀ፣ ጣቱን አቃጠለ፣ ኮቶሌቱን ደረደረ፣ ባቄላውን አወጣ፣ ቋሊማውን ከተፈ። መጀመሪያ ቋሊማውን እንደ ወረቀት እያሳሳ ነበር፤ የጥርስ ሐኪሙ ሚስት አንዱን አንስታ በሻማው ብርሃን አሻግራ ስታይበት አወፈረው። እንግዶቹ ከሰንጠረዡ ሰኞን በሉበት፣ ማክሰኞን በሉበት፣ የመመለሻውን መንገድ ስንቅ ሳይቀር በሉበት። «እጅሽ ይባረክ!» ይሏታል ያጎዳን፤ እሷም እግሯን አጣጥፋ፣ ብርጭቆ ይዛ፣ «አሜን» ትላለች። ሾፌሩ ሲዘፍን ዱንያ ቆቧን አውልቃ አብራ ዘፈነች። ሦስት ጊዜ ሳህን ታጠበ፣ ሦስቱንም ጊዜ ያጠበው ስሬተን ነው።

ጠዋት ፍሪጁ ውስጥ የቀረው ሰናፍጭ ነበር። ጠረጴዛው ላይ ግን ባዶ እጁን የመጣ እንግዳ ስለሌለ ወይኑ፣ ቡናውና የቸኮሌት ካርቶኑ ተከምሯል። ስሬተን ካርቶኖቹን በየዓይነታቸው ይደረድራል።

«ቸኮሌት እኮ ኃይል ይሰጣል» አለ። «ስፖርተኞች የሚበሉት እሱን ነው። ጠዋት ሁለት፣ ማታ ሁለት ብንል…»

ያጎዳ ጃኬቷን ለበሰች። ከባሏ ኮት ኪስ የባንክ ካርዱን አወጣች፣ አሳየችው፣ የራሷ ኪስ ከተተችው። «አባባ፣ ዱንያ፣ ተነሱ። ምሳ እንበላለን።»

ስሬተን ተከተላቸው። እሱ በሌለበት ሒሳብ ሲመጣ ማሰብ አልቻለም።

ምግብ ቤቱ ወለሉ ሞቅ ያለ፣ ጠረጴዛው ወፍራም እንጨት ነበር። አስተናጋጁ፣ ሽበት የጀመረው ጨዋ ሰው፣ ከሽማግሌው ጀምሮ ጠየቀ። ቲሆሚር ሾርባ አሉ። ዱንያ ጥብስ አለች። ስሬተን ዝርዝሩን በቀኝ በኩል፣ ከላይ ወደ ታች፣ ቁጥር ቁጥሩን ብቻ እያነበበ አንገቱን ነቀነቀና ለእኔ ምንም አለ።

«ለእርስዎስ እመቤቴ?»

«እኔ?» አለች ያጎዳ። «እኔማ ከተረፈው እበላለሁ።»

አስተናጋጁ ግራ ገብቶት አያት። «ገና ምንም አልቀረበም እኮ፣ እመቤቴ።»

ያጎዳ ምን እንዳለች ያኔ ገባት። ፊቷ ጋለ። ማንም አላስገደዳትም፣ ማንም አልሰማትም እንዳትል ሁሉም ሰምተዋል፤ ቃሉ ከአፏ የወጣው ደህና አደርክ እንደሚባለው ነበር። ዱንያ እናቷን አየቻት፣ ከዚያ ጠረጴዛውን። ሽማግሌው ሚስታቸውን ይሆናል ያስታወሱት፣ ባርኔጣቸውን አውልቀው ጉልበታቸው ላይ አደረጉ። ስሬተን ብቻ አሁንም ቁጥሩን ያነባል።

ዝርዝሩን ከእጁ ወሰደችው። ዋጋ የተጻፈበትን ጎን በመዳፏ ሸፈነችና ምግቡን ብቻ፣ አንድ በአንድ፣ ጮክ ብላ አነበበች። ከዚያ በሸክላ ድስት ቀስ ብሎ የበሰለ የበግ ሥጋ አዘዘች።

ድስቱን አስተናጋጁ በጨርቅ ይዞ መጣ፣ ራሱ ከፈተው፣ ራሱ ጨለፈላት። ያጎዳ ቀስ ብላ በላች። ስሬተን ከቦርሳው ውስጥ ኮቶሌቱ ተጠቅልሎበት የነበረውን ፎይል አውጥቶ ጉልበቱ ላይ ዘርግቶ አለሰለሰና ጠበቀ።

«የሚተርፍሽ ካለ» አላት በመጨረሻ፣ «ለማታ እጠቀልለዋለሁ።»

ያጎዳ አጥንቱን አንስታ ጋጠችው፣ መረቁን በዳቦ ጠረገችው፣ ሳህኑን ወደ እሱ ገፋ አደረገችለት። ምንም አልተረፈም።